የ9ኛ ክፍል የኮርስ ምርጫ፦ ኦነርስ፣ ኤፒ፣ አይቢ ወይስ ዱዋል ኢንሮልመንት?

የአንዲት እናት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ልጃቸው 7ኛ ክፍልን አዲስ አበባ ጨርሶ ወደ አሜሪካ ከመጣ ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን 8ኛ ክፍል ነው፤ በሒሳብ ጎበዝ ነው፤ ኢንጂነር መሆን ይፈልጋል። እንግሊዝኛውን ለማጠናከር ኢሶል ይወስዳል። ሃይስኩሉ የ9ኛ ክፍል የኮርስ ምርጫ ቅጽ ልኳል፤ ካውንስለሯ (የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች አማካሪ) አልጀብራ 1ን ጨምሮ ሁሉንም በመደበኛ ክፍል ሞልታ «ኢሶል ላይ ስላለ ይህ ይሻለዋል» ብላለች። እናቱ የሚጠይቁት፦ ኦነርስ፣ ኤፒ፣ አይቢ፣ ዱዋል ኢንሮልመንት የሚባሉት ልዩነታቸው ምንድን ነው? የትኛውን ልምረጥለት? ቅጹን በሁለት ሳምንት ውስጥ ፈርሜ መመለስ አለብኝ።

እህቴ፣ ወደ አራቱ ስሞች እንመጣለን። ከእነሱ በፊት ግን ቅጹ ላይ «አልጀብራ 1» የምትለዋ መስመር ትበልጣለች። ልጅዎ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ምን ዓይነት ሒሳብና ፊዚክስ እንደሚወስድ የሚወሰነው ዛሬ በዚያች መስመር ነው።

የአሜሪካ ሃይስኩል ሒሳብ በአብዛኛው ቦታ መሰላል ነው፦ አልጀብራ 1፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ 2፣ ፕሪካልኩለስ፣ ካልኩለስ። (አንዳንድ ቦታ «ኢንተግሬትድ ማዝ 1፣ 2፣ 3» ይሉታል፤ ይዘቱ ተቀላቅሎ ይሰጣል እንጂ ርዝመቱ ያው ነው።) ደረጃው አምስት፣ ሃይስኩል ደግሞ አራት ዓመት ነው። ስለዚህ ሳይጣደፉ 12ኛ ክፍል ላይ ካልኩለስ የሚደርሱት አልጀብራ 1ን በ8ኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች ናቸው። በ9ኛ የጀመረ ልጅ በዓመት አንድ አንድ እያለ ከሄደ ፕሪካልኩለስ ላይ ሃይስኩል ያልቅበታል። ያ ልጅ ኢንጂነር አይሆንም ማለት አይደለም፤ ኮሌጅ ገብቶ ካልኩለስ 1 የሚጀምር ሞልቷል። ነገር ግን ለመግባት ፉክክር የሚበዛባቸው የኢንጂነሪንግ ትምህርት ክፍሎች ካልኩለስ የወሰደ አመልካች ይፈልጋሉ፤ ለኢንጂነሪንግ ዋነኛ የሆነው «ኤፒ ፊዚክስ ሲ» የሚባለው ኮርስም (ኤፒ ማለት ሃይስኩል ውስጥ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ ነው) ቢያንስ ካልኩለስን ጎን ለጎን መውሰድን ይጠይቃል።

ይህን አንድ ደረጃ ለማካካስ አራት መንገድ አለ። አንደኛው አሁኑኑ የምደባ ፈተና መጠየቅ ነው። ልጅዎ አዲስ አበባ የተማረው ሒሳብ ከአልጀብራ 1 ጋር የሚገናኝበት ብዙ ነው፤ የቀረውን በሁለት ሦስት ወር ሊሞላው ይችል ይሆናል። ብዙ የትምህርት ወረዳዎች ኮርሱን በፈተና ማለፍ ይፈቅዳሉ፤ ለምሳሌ ቴክሳስ ውስጥ በክፍል ያልተማረውን ኮርስ በፈተና ለማለፍ 80 ከመቶ ያስፈልጋል። ሁለተኛው በዚህ ክረምት አልጀብራ 1ን በሰመር ክላስ ጨርሶ 9ኛን በጂኦሜትሪ መጀመር ነው። ሦስተኛው 9ኛ ክፍል ላይ አልጀብራ 1ን፣ 10ኛ ላይ ጂኦሜትሪንና አልጀብራ 2ን አንድ ላይ መውሰድ ነው። አራተኛው ከ9ኛ በኋላ ባለው ክረምት ጂኦሜትሪን ጨርሶ 10ኛን በአልጀብራ 2 መጀመር ነው።

የእኔ ምርጫ በቅድሚያ ፈተናው ነው፤ ካልሆነ ሦስተኛው ወይም አራተኛው። ሁለተኛውን የምጠራጠርበት ምክንያት አለኝ። አልጀብራ 1 ከላይ ያሉት ሁሉ የሚቆሙበት መሠረት ነው። የአንድ ዓመት ትምህርት በአምስትና ስድስት ሳምንት ሲታጨቅ ልጁ ፈተናውን ያልፋል፤ ፋክተሪንግና ኳድራቲክ ላይ ያለው ልማድ ግን ሳስቶ ይቀራል፤ ክፍተቱም አልጀብራ 2 ላይ ይወጣል። ጂኦሜትሪ ግን ከመሰላሉ ትንሽ ገለል ያለ ነው፤ አልጀብራ 2 ብዙ አይደገፍበትም። ስለዚህ መታጨቅ ካለበት ጂኦሜትሪ ይታጨቅ። ትምህርት ቤቱ በብሎክ የሚያስተምር ከሆነ፣ ማለትም አንድ ኮርስ በአንድ ሴሚስተር የሚያልቅ ከሆነ፣ ነገሩ ቀላል ነው፦ መጀመሪያው ሴሚስተር አልጀብራ 1፣ ሁለተኛው ጂኦሜትሪ።

አሁን ወደ ካውንስለሯ ቃል። «ኢሶል ላይ ስላለ» የሚለው ለእንግሊዝኛ ክፍል ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ለሒሳብ ግን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ምዕራፍ (ታይትል 6) እና በ1974 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የላው በኒኮልስ ላይ ውሳኔ፣ የእንግሊዝኛ ችሎታ ገና ስለሆነ ብቻ ልጅ ከትምህርት ዕድል ውጪ እንዳይደረግ መሠረት ጥለዋል። ካውንስለሯ ክፉ አስባ ነው እያልኩ አይደለም። የሙያ ማኅበራቸው ለአንድ ካውንስለር 250 ተማሪ ይበቃል ይላል፤ አብዛኞቹ የያዙት ግን ከዚያ በላይ ነው። ፋይሉ ላይ «ኢሶል» የሚል ምልክት ስታይ ልጁን ሳታውቀው በተለመደው መስመር ትሞላዋለች። እዚህ አገር ትምህርት ቤቱ ወላጅ ሲጠይቅ እንደ ድፍረት አይቆጥረውም፤ ዝም ሲሉት ደግሞ የተስማሙ ይመስለዋል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት በኢሜል ይጻፉ፤ በቃል የተባለ ነገር መዝገብ ላይ አይቀርም። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ ልጄ የሒሳብ የምደባ ፈተና እንዲወስድ እጠይቃለሁ፤ ከአዲስ አበባ ያመጣው የ7ኛ ክፍል የውጤት ካርድ ተያይዟል፤ ሒሳብና ሳይንስ በኦነርስ እንዲሆንለት እፈልጋለሁ፤ አይቻልም ከተባለ መስፈርቱ ምን እንደሆነና በወላጅ ፊርማ ማለፍ ይቻል እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽልኝ። የመጨረሻዋን ሐረግ አይዝለሏት። ብዙ ትምህርት ቤቶች የመምህር ድጋፍ ባይገኝም ወላጅ ፈርሞ ልጁን ከፍ ወዳለው ክፍል የሚያስገባበት ቅጽ አላቸው፤ ካልተጠየቁ ግን አያወጡትም። አሁን የሚያስተምረውን የ8ኛ ክፍል ሒሳብ መምህርም ያነጋግሩ፤ የእሱ አንድ መስመር ድጋፍ ከእኛ ሦስት ገጽ ይበልጣል። ስብሰባ ከተጠራ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጅዎ ራሱ እንዲያስተረጉም አያድርጉ፤ ስለ ራሱ ችሎታ ሲወራ ያፍራል፣ ይቀንሳል።

በነገራችን ላይ አንዳንድ ክልሎች ይህን ውሳኔ ከግለሰብ ግምት አውጥተውታል። ሰሜን ካሮላይና በክልሉ የሒሳብ ፈተና ከፍተኛውን ደረጃ ያገኘ ልጅ በቀጣዩ ዓመት የላቀ ሒሳብ እንዲመደብ በሕግ ደንግጓል። ቴክሳስም በ2023 ባወጣው ሕግ በ5ኛ ክፍል ሒሳብ ከላይኛው 40 ከመቶ ውስጥ የገቡት ልጆች 6ኛ ላይ የላቀ ሒሳብ እንዲመደቡ አድርጓል። በእናንተ ክልል እንዲህ ያለ ሕግ ካለ ለደብዳቤው ጉልበት ይሆናል።

አራቱ ስሞች የሚለዩት በክብደት ብቻ አይደለም። ዋናው ልዩነት የልጁን ሥራ መዝኖ የሚፈርደው ማን ነው የሚለው ነው።

ኦነርስን የሚመዝነው የራሱ ትምህርት ቤት ነው። ያው ኮርስ በፈጠነና በጠለቀ መልኩ ይሰጣል፤ ከውጭ የሚቆጣጠረው አካል የለም። ስለዚህ አንዱ ሃይስኩል ኦነርስ ባዮሎጂ የሚለው ከባድ ሲሆን የሌላው ከመደበኛው ሊለይ የማይችልበት ጊዜ አለ። የኮሌጅ ክሬዲት አያስገኝም። ዋጋው ለቀጣዩ ዓመት ማዘጋጀቱ ነው፦ 9ኛ ላይ ኦነርስ ባዮሎጂ፣ 10ኛ ላይ ኦነርስ ኬሚስትሪ የወሰደ ልጅ 11ኛ ላይ ኤፒ ሲገባ አይደነግጥም።

ኤፒን የሚመዝነው ኮሌጅ ቦርድ የሚባለው ድርጅት ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ሲሆን ዛሬ 40 ገደማ ኮርሶች አሉት። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ክፍል ይማራል፤ ሜይ መጀመሪያ ላይ በአገር አቀፍ ደረጃ አንድ ፈተና ይፈተናል፤ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ሆኖ ጁላይ ላይ ይወጣል። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የሚያምታታው ነገር አለ፦ የክፍሉ ውጤትና የፈተናው ውጤት የተለያዩ ናቸው። ክፍል ውስጥ ኤ አግኝቶ ፈተናው ላይ 2 ሊያመጣ ይችላል፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ የሚቀመጠው ኤው ነው፤ ክሬዲት የሚያስገኘው ግን የፈተናው ቁጥር ነው።

የኤፒ ፈተና በ2025 በአሜሪካ 99 ዶላር ነበር፤ ሴሚናርና ሪሰርች የሚባሉት ሁለቱ ይበልጣሉ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ኮሌጅ ቦርድ 37 ዶላር ይቀንሳል፤ ትምህርት ቤቱም የራሱን 9 ዶላር ስለሚተው ወደ 53 ይወርዳል፤ አንዳንድ ክልልና ወረዳ ቀሪውንም ይሸፍናል። ልጅዎ ነፃ ወይም በቅናሽ ምሳ የሚያገኝ ከሆነ የኤፒ አስተባባሪውን ይጠይቁ። ምዝገባው የሚያልቀው ፈተናው ሲቃረብ አይደለም፤ ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመዘገብ 40 ዶላር ተጨማሪ ይከፍላል፤ ተመዝግቦ የቀረም እንዲሁ። ልጁ ክፍሉን መማሩ በራሱ ምዝገባ አይደለም፤ መምህሩ በሚሰጠው ኮድ ኮሌጅ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ መመዝገብ አለበት። አሁን አብዛኞቹ ፈተናዎች ብሉቡክ በሚባል መተግበሪያ በኮምፒውተር ይሰጣሉ፤ ልጁ ልምምዱን እዚያው ላይ ያድርግ። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አያስቀንስም፤ ስለዚህ ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር።

ብሎክ ያለው ትምህርት ቤት ኤፒን መጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ከሰጠ ክፍሉ ጃንዋሪ ላይ ያልቃል፤ ፈተናው ግን ሜይ ነው። በመካከሉ አራት ወር ይረሳል። ምርጫ ካለ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ያሉትን ይምረጡ።

ክሬዲቱን የሚሰጠው ኮሌጁ ነው፤ ሕጉም እንደየቤቱ ነው። ኢሊኖይ፣ ኦሃዮ፣ ፍሎሪዳና ቴክሳስ የመንግሥት ኮሌጆቻቸው ፈተናው ላይ 3 ላመጣ ልጅ ክሬዲት እንዲሰጡ ደንግገዋል። ብዙ የግል ዩኒቨርሲቲዎች 4 ወይም 5 ይጠይቃሉ። ዳርትመዝና ብራውን ደግሞ ኤፒን ለምረቃ በሚቆጠር ክሬዲት አይቀበሉም፤ ከፍ ባለ ክፍል ለመመደብ ብቻ ይጠቀሙበታል። ለኢንጂነር ልጅ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ካልኩለስ ላይ 3 አምጥቶ ኮሌጁ ቢፈቅድለትም ካልኩለስ 1ን ባይዘል እመርጣለሁ። ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚገነባው። 5 ካመጣ ግን ያለ ስጋት ይዝለል።

አይቢ መቀመጫው ጄኔቭ የሆነ፣ በ1968 የተመሠረተ ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ነው። በአይቢ ዲፕሎማ የሚመዘነው አንድ ኮርስ ሳይሆን ሁለት ዓመት ሙሉ ነው፤ 11ኛና 12ኛ። ስድስት ትምህርት ይወሰዳል፤ ብዙ ጊዜ ሦስቱ በከፍተኛ ደረጃ፣ ሦስቱ በመደበኛ ደረጃ። ከፍተኛው 240 ሰዓት፣ መደበኛው 150 ሰዓት ትምህርት ይጠይቃል። እያንዳንዱ እስከ 7 ነጥብ አለው። በተጨማሪ እስከ 4000 ቃል የሚደርስ የምርምር ጽሑፍ፣ የዕውቀት ንድፈ ሐሳብ የሚባል ኮርስና ከክፍል ውጪ የሚደረግ የፈጠራ፣ የስፖርትና የአገልግሎት ሥራ አለ። የጽሑፉና የኮርሱ ውጤት ተደምሮ እስከ 3 ነጥብ ይጨምራል፤ ድምሩ 45፣ ለዲፕሎማው ቢያንስ 24 ያስፈልጋል። ጽሑፍ የሚወድ፣ በሁሉም ትምህርት የተስተካከለ ልጅ ይጠቀምበታል። በሒሳብ የሚበር ሆኖ እንግሊዝኛው ገና የሆነ ልጅ ግን ከስድስቱ አራቱ በጽሑፍ ያደክሙታል። ልጅዎ ከገባበት ሒሳቡን «አናሊሲስ ኤንድ አፕሮችስ» በከፍተኛ ደረጃ፣ ፊዚክሱንም በከፍተኛ ደረጃ ይያዝ፤ «አፕሊኬሽንስ» የሚለው ሌላው የሒሳብ ዘርፍ ለኢንጂነሪንግ ብዙ ጊዜ አይመከርም። ሙሉውን ዲፕሎማ ሳይወስዱ አንድ ሁለት የአይቢ ኮርስ ብቻ መውሰድም የሚፈቅዱ ትምህርት ቤቶች አሉ። 

ዱዋል ኢንሮልመንትን የሚመዝነው ራሱ ኮሌጁ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ። ልጁ ሃይስኩል እያለ የኮሌጅ ኮርስ ይወስዳል፤ ካለፈ ክሬዲቱ እጁ ገባ፤ የሜይ ፈተና የለም። ሚኒሶታ በ1985 ነው የጀመረችው፤ ዋሽንግተን ክልል ራኒንግ ስታርት በሚባለው ፕሮግራም የ11ኛና 12ኛ ተማሪዎችን ያለ ትምህርት ክፍያ ያስተምራል፤ መጽሐፍና መጓጓዣ ግን በቤተሰብ ነው። በሌሎች ክልሎች ክፍያው ከነፃ እስከ ሙሉ ይለያያል።

ነፃ መሆኑ ብዙ ቤተሰብ ይስባል፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ከአራቱ ሁሉ ውጤቱ ለዘለዓለም የሚከተለው ይሄኛው ነው። በ16 ዓመቱ ያመጣው ሲ ወይም ዲ የኮሌጅ ትራንስክሪፕት ላይ ተጽፏል። በኋላ ሕክምና ትምህርት ቤት ቢያመለክት ሃይስኩል እያለ የወሰዳቸው የኮሌጅ ኮርሶች ሁሉ ይቆጠራሉ። የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ሲያገኝም ኮሌጁ የተቀበላቸው ክሬዲቶች «ከተሞከሩት» ውስጥ ይገባሉ፤ በዚያው ኮሌጅ የወደቀባቸው ካሉ ደግሞ እርዳታው ላይ ጥላ ሊያጠሉ ይችላሉ። የኤፒ ፈተና ላይ 1 ያመጣ ልጅ ግን ውጤቱን ወደ ኮሌጅ አለመላክ ይችላል። እዚህ ላይ ነው ኤፒ ከዱዋል የሚሻልበት፦ ሞክሮ ቢያቅተው የሚያስከፍለው ያንሳል።

ክሬዲቱ የሚሻገርበትም መጠን ይለያያል። በዚያው ክልል ወዳለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ብዙ ጊዜ ይሻገራል፤ ፍሎሪዳ የጋራ የኮርስ ቁጥር አላት፤ ቴክሳስ 42 ሰዓት የሆነ የጋራ መሠረታዊ ትምህርት አላት። ከክልል ውጪ ወይም ወደ ግል ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ ግን «ጠቅላላ ምርጫ» ተብሎ ይመዘገብና የትኛውንም ግዴታ ሳይተካ ይቀራል። ከመመዝገቡ በፊት ልጁ የሚያስባቸውን ሁለት ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች የዝውውር ገጽ ከፍታችሁ የኮርሱን ቁጥር ፈልጉ። እንግሊዝኛ ድርሰት፣ ስታቲስቲክስ፣ ታሪክ ቶሎ ይሻገራሉ፤ የኢንጂነሪንግ ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ዩኒቨርሲቲዎች ጥብቅ ናቸው። ደግሞ ይወቁት፦ የኮሌጁን መዝገብ በሚመለከት መብቱ ዕድሜው ምንም ይሁን የተማሪው ነው። ፕሮፌሰሩ ደውሎ «ልጅዎ እየቀረ ነው» አይልም። ከኮርሱ መውጫ ቀኑንም ልጁ ራሱ ማስታወስ አለበት፤ ካለፈው ያመጣው ውጤት፣ ኤፍም ቢሆን፣ ይመዘገባል።

ወደ ውጤት ነጥቡ እንምጣ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ሁለት ዓይነት ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ይይዛሉ። መደበኛው ኤን 4.0 ይላል። ሌላው ለክብደት ይጨምራል፤ የተለመደው ለኦነርስ 0.5፣ ለኤፒ፣ ለአይቢና ለዱዋል 1.0 ነው፤ ለኦነርስም ሙሉ 1.0 የሚሰጥ ወረዳ አለ። ስድስት ኮርስ የወሰደ ልጅ እንውሰድ፦ ሦስት መደበኛ ኤ፣ ሁለት ኦነርስ ኤ፣ አንድ ኤፒ ቢ። ክብደት ሳይጨመር 23 ለ6 ሲካፈል 3.83 ነው። ክብደት ሲጨመር 12 እና 9 እና 4፣ ድምሩ 25፣ ለ6 ሲካፈል 4.17 ነው። ኤፒ ላይ ያመጣው ቢ ከመደበኛው ኤ ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው፤ ሲ ቢያመጣ ግን ክብደቱም አያድነውም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ቤቱን ቁጥር ትተው በራሳቸው ስሌት እንደገና ይሠሩታል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከ9ኛ በኋላ ካለው ክረምት እስከ 11ኛ በኋላ ያለው ክረምት ድረስ ያሉትን ውጤቶች ነው የሚያሰላው፤ ጭማሪውም ከ8 ሴሚስተር አያልፍም። ስለዚህ ለቁጥሩ ብሎ አሥር ኤፒ መደርደር ብዙ ቦታ ትርፍ የለውም።

ለመግቢያ ይበልጥ የሚመዝን ሌላ ወረቀት አለ፤ ወላጆች ስለማያዩት አይታወቅም። ካውንስለሩ ከማመልከቻው ጋር በሚልከው ቅጽ ላይ የልጁ የኮርስ ምርጫ ትምህርት ቤቱ ከሚሰጠው አንጻር «እጅግ ፈታኝ»፣ «በጣም ፈታኝ»፣ «ፈታኝ» እያለ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ጋር የትምህርት ቤቱ መግለጫ ይሄዳል፤ ስንት ኤፒ እንደሚሰጥ እዚያ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ 5 ኤፒ ብቻ ካለው ትምህርት ቤት 4 የወሰደ ልጅ፣ 25 ካለው ትምህርት ቤት 6 ከወሰደው አያንስም። ካውንስለሯን «እዚህ ትምህርት ቤት እጅግ ፈታኝ የምትሉት ስንት ኮርስ ሲሆን ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ቁጥር ነው፤ ለአራት ዓመቱ ዕቅድ የሚያስፈልግዎትም እሱ ነው። ትምህርት ቤቱ የማይሰጠውን ኤፒ እንደ ቨርቹዋል ቨርጂኒያ ወይም ፍሎሪዳ ቨርቹዋል ስኩል ባሉ የክልል የኦንላይን ትምህርት ቤቶች መውሰድ ይቻላል፤ ራሱን መግዛት ለሚችል ልጅ ብቻ ግን ነው የምመክረው።

ለእርስዎ ልጅ አሁን ያለውን መረጃ ይዤ እንዲህ እሞላው ነበር። 9ኛ ላይ ኦነርስ ሒሳብ፣ ኦነርስ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ታሪክ በመደበኛ ከኢሶል ድጋፍ ጋር፤ ኤፒ የለም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች 9ኛ ክፍል ላይ ኤፒ ሂዩማን ጂኦግራፊ ያቀርባሉ፤ ንባቡ ብዙ ስለሆነ በዚህ ዓመት አልጨምርበትም። 10ኛ ላይ ጂኦሜትሪና አልጀብራ 2 ወይም በክረምት ከጨረሰ አልጀብራ 2 ብቻ፣ ኦነርስ ኬሚስትሪ፣ እንግሊዝኛው ከፈቀደ ኦነርስ እንግሊዝኛ፣ ቦታ ካለ ኤፒ ኮምፒውተር ሳይንስ ፕሪንሲፕልስ። 11ኛ ላይ ፕሪካልኩለስ ወይም ኤፒ ፕሪካልኩለስ፣ ኤፒ ፊዚክስ 1፣ ምናልባት ኤፒ ኮምፒውተር ሳይንስ ኤ፤ ይህኛው በጃቫ ፕሮግራም መጻፍ ነው። 12ኛ ላይ ኤፒ ካልኩለስ፣ ኤፒ ፊዚክስ ሲ ሜካኒክስ፣ እንግሊዝኛ ድርሰትን በዱዋል። የምደባ ፈተናውን አልፎ 9ኛን በጂኦሜትሪ ከጀመረ፣ በ10ኛ ሁለት ሒሳብ መደራረብ አያስፈልገውም፤ ትንፋሽ ያገኛል። ካልኩለስ ኤቢ ወይም ቢሲ የሚለውን 11ኛ ላይ ፕሪካልኩለሱን አይታችሁ ትወስናላችሁ፤ ቢሲ ሁለት ሴሚስተር የኮሌጅ ሒሳብ ነው፤ ቢሲ የተፈተነ ልጅ የኤቢውን ክፍል ውጤትም ለብቻ ያገኛል።

የሚበላሸው የት ነው ብለው ቢጠይቁኝ፣ ብዙ ጊዜ ኦገስት ላይ ነው። ብዙ የኤፒ መምህራን የክረምት የቤት ሥራ ይሰጣሉ፤ አዲስ የገባ ቤተሰብ አይሰማም፤ ልጁ የመጀመሪያ ሳምንት ላይ ዜሮ ይዞ ይጀምራል። ጁን ላይ ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱን መምህር ይጠይቅ። ሁለተኛው የሚበላሽበት ኦክቶበር ነው። ስድስት ሳምንት ሆኖት ሁለት ፈተና ከሲ በታች ካመጣ፣ በዚያ አንድ ኮርስ ምክንያት ሌሎቹም መውረድ ከጀመሩ ወይም እንቅልፉን ካጣ፣ መጠበቅ አይጠቅምም። ደረጃ ዝቅ የማድረጊያ ቀን አለ፤ ብዙ ቦታ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ውስጥ ነው፤ ካለፈ መውጣቱ ትራንስክሪፕት ላይ ምልክት ይተዋል። ይህን ቀን ዛሬውኑ ጠይቀው ቀን መቁጠሪያ ላይ ይጻፉት። ከፍ ወዳለ ክፍል ሲያስገቡት የመውጫ በሩን ማወቅ ለልጁም ድፍረት ይሰጠዋል። ቢ እያመጣ የሚታገል ልጅ ግን አይውጣ፤ ትግሉ ነው ትምህርቱ።

መጨረሻ ላይ ቅጹ ላይ የማይታይ አንድ ነገር። ልጅዎ አማርኛ ያነባል፣ ይጽፋል። አንዳንድ ሃይስኩሎች ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የውጭ ቋንቋ ይጠይቃሉ፤ ብዙ ወረዳዎች ይህን ክሬዲት በፈተና ይሰጣሉ፤ አቫንት ስታምፕ የተባለው ፈተና በአማርኛም አለ፤ መጻፍንና መናገርን ይለካል። በብዙ ክልሎች የሚሰጠውና ካሊፎርኒያ በ2011 በሕግ የጀመረችው የሁለት ቋንቋ ማኅተም ዲፕሎማው ላይ የሚቀመጠውም በእንዲህ ያለ ፈተና ነው። ያ ክሬዲት ከተገኘ 10ኛ ክፍል ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ ባዶ ይሆናል፤ ጂኦሜትሪና አልጀብራ 2 አንድ ላይ የሚገቡበት ቦታ ማለት እሱ ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በክፍል የተወሰደ ቋንቋ ማየት ስለሚፈልጉ፣ 11ኛ ላይ ሌላ ቋንቋ ሊጨምር ይችላል። ፈተናው አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በወረዳው የዓለም ቋንቋዎች ቢሮ በኩል ነው፤ ምዝገባው ብዙ ጊዜ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ስለሆነ ከካውንስለሯ ጋር ሲገናኙ ቀኑን አብረው ይጠይቁ። ጽሑፉ በኮምፒውተር ስለሆነ እስከዚያ ድረስ የግዕዝ ፊደል መተየብ ይለማመድ።